ያልነቀልኩት ሽቦ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ነን፤ ጓደኛዬ ሙሉጌታ፣ እናቱ እትዬ አስካለ፣ የዕድር ሽማግሌ የነበረው አባቴ፣ እና እኔ። የሙሉጌታ አባት፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ጋሽ በየነ፣ ነገሩ ሲጀመር ሞተዋል።

ልጅ እያለሁ ሀና ማርያም ግማሹ ገና የጤፍ ማሳ ነበር። እኔና ሙሉጌታን የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ማንም ሳያስተምረን፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር እየፈታን፣ ባትሪ በምላሳችን እየሞከርን የራሳችንን ስልክ ሠራን። በከሰል የጋለ ሚስማር ፕላስቲክ ሲበሳ የሚሸተው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። አንዱ ስፒከር እኛ ሳሎን ሶፋ ሥር እንደ ማይክ ሆኖ፣ በአባቴ አሮጌ ቴፕ በኩል ድምፅ ይልካል፤ ሌላው ሙሉጌታ አልጋ ሥር ያሰማል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠራ ሙሉጌታ የሚመልስልኝ አጥሩን በመምታት ነበር። አንዴ ከመታ አዎ፣ ሁለቴ ከመታ አይደለም። ሕጋችንም አንድ ነበር፤ ተናግሮ የጨረሰ ሽቦውን ይንቀል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ለሙሉጌታ እያወራሁ ሽማግሌዎች ገቡ። አባቴ "ውጣ፣ ደጅ ተጫወት" አለኝ። ሳልነቅል ወጣሁ።

መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፤ እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ሐዘንተኛው ብቻ ሳያውቅ ያድራል። የመጡትም ጋሽ በየነ መንገድ ላይ ተገልብጠው መሞታቸውን ለሚስታቸው እንዴት እንደሚነግሩ ሊመክሩ ነበር። የአባቴን ድምፅ በመስኮት ሰማሁ፤ "እራቷን ትብላ። ዛሬን ትተኛ። ነገ ማልደን እንሄዳለን።"

ያኔ ሽቦው ትዝ አለኝ። ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

"ሙሌ፣ ሰማህ እንዴ?"

ቆርቆሮው አንዴ ተመታ። ቆይቶ ድምፁ መጣ፤ "ለእማዬ ትነግርና አልለቅህም። እራቷን ትብላ።"

ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሙሉጌታ ጫማውን አጥልቆ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እትዬ አስካለ ከጩኸታቸው መሀል ዞረው አዩት።

"ታውቅ ነበር? እያወቅክ ነው ማታ ያጎረስከኝ?"

ማን እንደነገረው ቢጠየቅ ትንፍሽ አላለም። ምክሩ የተመከረው እኛ ቤት ነውና ነገሩ አባቴ ላይ ወደቀ፤ አፉን የማይጠብቅ ሽማግሌ ተባለ። እኔ ሽቦውን ጠቅልዬ ማሳው ውስጥ ቀበርኩ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

ዛሬ የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ልጄ በሁለት አሮጌ ሞባይል፣ ወንድሟ ሲያለቅስ ወጥ ቤት ድረስ የሚያሰማ ነገር ሠርታለች። ጎበዝ ልላት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በገባሁ በወጣሁ ቁጥር "አጥፍተሽዋል ወይ?" እያልኩ እቆጣታለሁ። የሠሩትን ነገር መዝጋት የማያውቅ ሰው ገና አልተማረም እያልኩ እመክራለሁ፤ መካሪው ግን አንዲት እውነት መናገር ያቃተው ሰው ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል ከሶፋው ሥር የሚያዳምጥ ያለ ይመስለኛል። ቆርቆሮ አንዴ ሲመታ እሰማለሁ። አጥራችን ግንብ ነው።

ያ ሽቦ ያስከፈለው ሲደመር ይህ ነው። እትዬ አስካለ ከልጃቸው እጅ ዳግመኛ አልጎረሱም። ሙሉጌታ ጢሙ ሳያቀመቅም ከቤት ወጥቶ ቀረ። አባቴን ከዚያ ወዲህ ለመርዶ የጠራው የለም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።