የታፈነው ቀረጻው አልነበረም

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚል፣ ማንንም የማያስደነግጥ። እኔን ያናደደኝ ሙዚቃ ማቋረጡ ነበር። ሽሮ ሜዳ በሚገኝ አንድ ሱቅ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት የምገጥም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ክላሲካል እሰማለሁ። ዝግ ያለው ክፍል ጋ ስደርስ ሳሉ ይመጣል። ወደ ኋላ እመልሰውና እንደገና እጀምራለሁ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ ላቡ መጣ። ሱሪዬ ሰፋኝ። አንድ ጠዋት መሐረቤ ላይ ደም አየሁ።

አክታዬ ተመረመረ። ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች፣ «ቲቢ ነው፤ ግን ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ ዓይነት ነው» አለችኝ። «ሕክምናው ረጅም ነው። መርፌም አለው።»

እሞት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሳታቋርጥ ከወሰድክ ትድናለህ።»

ዛሬ ብዙው ሰው በኪኒን ብቻ ይታከማል ይባላል። በእኔ ጊዜ ካናማይሲን የሚባል መርፌ ነበር፤ ከእሁድ በቀር በየቀኑ፣ ለወራት። መቀመጫዬ ላይ ያልተወጋ ቦታ ጠፋ። ኪኒኑ ያስመልሰኛል። ሥራ ቆመ። ቁስቋም አካባቢ ከእህቴ ከማርታ ጋር ነበር የምኖረው፤ እሷ እንዳይዛት ለብቻዬ አንድ ክፍል ተሰጠኝ፣ መስኮቱም ክፍት እንዲሆን ታዘዘ። የእንጦጦ ብርድ እንደልቡ ይገባል። ማርታ ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። የቀረኝ ነገር ስልኬና ማዳመጫዬ ነበር።

ሐኪሟ ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃኝ ነበር። «ይህ መርፌ ጆሮ ይጎዳል። ድምፅ ከቀነሰብህ ወይም ጆሮህ መጮህ ከጀመረ ያንኑ ቀን ንገረኝ።» መርፌው ሳይጀመር ኦዲዮሜትሪ የሚባል የመስማት ምርመራ ተሠራልኝ፤ ጆሮዬ ሙሉ ጤነኛ ነበር። በየወሩ መደገም ነበረበት። በሦስተኛው ወር ማሽኑ ተበላሸ ተባለና ሌላ ሆስፒታል ሄጄ እንድታይ ወረቀት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

ለምን እንዳልሄድኩ ለመናገር ስለ ቡድናችን ማውራት አለብኝ። ቴሌግራም ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ አብዛኞቻችን ከየቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን የመጣን ነን። እሁድ ከአምልኮ በኋላ እያንዳንዱ በሳምንቱ የሚሰማውን ይጽፋል፦ የትኛውን ሥራ፣ በማን ቀረጻ፣ ምን ሰማህበት። የሰበሰቡን ጋሽ ታደለ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ፣ ለእኔም ኖታ ማንበብ ያስተማሩኝ። እሳቸው ጋ «ደስ ይላል» ብሎ ነገር አይሠራም። «ደስ ማለቱን ለእናትህ ንገር፤ እኛን የሰማኸውን ንገረን» ይላሉ። በአንድ ሥራ ሁለት ቀረጻ ላይ ሳምንት ሙሉ ተከራክረን እናውቃለን። የሰው ስሜት እንዳይጎዳ ተብሎ እውነት የማይሸፈንበት ቦታ ነበር፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

በአራተኛው ወር መግቢያ አንድ ለቫዮሊን ብቻ የተጻፈ ሥራ ከፈትኩ። ቀረጻው አሮጌ ነው፤ ከሥሩ እንደ መጥበሻ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ነበረው። ያን ቀን ሽሽሽ የሚለው ድምፅ የለም። አጽድተው አዲስ ያወጡት መሰለኝ። ነገር ግን ቫዮሊኑም ከብርድ ልብስ ሥር የሚጫወት ይመስል ነበር፤ የደጋኑ ፍትጊያ፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ፣ ከላይ የሚያንጸባርቀው ነገር ሁሉ ሄዷል። ተናደድኩ። እሁድ ለቡድኑ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህን ቀረጻ እናጸዳለን ብለው ገድለውታል። ታፍኗል። እናንተስ ምን ሰማችሁ?»

ቀረጻውን ሁሉም ያውቁታል። መልሱ ግን እንደወትሮው ወዲያው አልመጣም። ጋሽ ታደለ ቆይተው፣ «ልክ ነህ ሳሚ፣ ታፍኗል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ሌሎቹም ተከታተሉ። በቀጣዩ እሁድ ስለ ሌላ ቀረጻ ተመሳሳይ ነገር ጻፍኩ። አሁንም ልክ ነህ አሉኝ። አሥር ጤነኛ ሰው ከእኔ ጋር ከተስማማ ጆሮዬ ምን ሆነ ብዬ ልመረመር? ሐኪሟ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው» አልኳት። ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ጀምሮ ነበር፤ እሱንም በማዳመጫው አሳበብኩ። ሙሉ እውነቱን ልናገርና፣ መርፌውን ያቆሙብኛል፣ ከዚያ እሞታለሁ የሚል ፍርሃትም ነበረብኝ። ለፍርሃቴ መሸሸጊያ የሰጡት ግን እነሱ ናቸው።

እንዲህ ሰባት ሳምንት አለፈ። በሳምንት ስድስት መርፌ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደለ ሊጠይቁኝ መጡ። ማስክ አድርገው ግቢ ውስጥ፣ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። በትንሽዬ ስፒከር አንድ የቫዮሊን ሥራ ከፈትኩላቸው። ጸጥ ብለን ሰማን። መጨረሻው እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደና አለቀ። ቀጣዩን ልከፍት እጄን ወደ ስልኩ ሰደድኩ።

ጋሽ ታደለ ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምት እየቆጠረ ነበር።

ስልኩን አየሁ። ቁጥሩ እየሄደ ነው። ሃያ ሰከንድ ይቀረዋል።

«ጋሽዬ፣ አሁን እየተጫወተ ነው?»

ዓይናቸውን ገለጡ። ስልኩ ላይ ያለውን እጄን አዩ።

«እየተጫወተ ነው ሳሚ።»

«ያኔ የጻፍኩት ቀረጻስ? ታፍኖ ነበር?»

«አልታፈነም፤ ጥርት ያለ ነው» አሉ። «ምን ልበልህ... ደም እየተፋህ፣ ያቺኑ ሙዚቃ ይዘህ ነው የተኛኸው። ተሳስተሃል ብለን ልብህን እንስበር? ሁላችንም ተነጋግረን ነው። ዝም ብላችሁ እሺ በሉት ያልኩት እኔ ነኝ።» አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ውጡልኝ አልኳቸው። ሽማግሌ ሰው ከግቢዬ አስወጣሁ።

በማግስቱ ያቺን ወረቀት ይዤ ወደተላክሁበት ሆስፒታል ሄድኩ። ማሽኑ ያወጣው መስመር በግራ በኩል፣ ወፍራም ድምፅ ባለበት፣ ቀና ብሎ ይሄድና ወደ ቀኝ፣ ቀጭን ድምፅ ጋ ሲደርስ ይወድቃል። በሁለቱም ጆሮ። ውጤቱን ለሐኪሟ ወሰድኩላት።

«የጠፋው አይመለስም» አለች። «ያኔውኑ ብትነግረኝ ኖሮ መድኃኒቱን እንቀይረው ነበር። አሁን የቀረውን እናድን።»

መርፌው ያን ቀን ቆመ፤ በኪኒን ተተካ። አልሞትኩም።

ከአንድ ዓመት በላይ ሙዚቃ አልከፈትኩም። ከቡድኑ ወጣሁ። ማርታ በሩ ላይ ቆማ የምትለኝ ነገር ከፊሉ ይጠፋኝ ነበር፤ «ሰ» እና «ሸ» ያለበት ቃል ሁሉ ተሸራርፎ ይደርሰኛል፤ ድገሚ ማለት ሲሰለቸኝ እሺ እላታለሁ፤ በዚህም ብዙ ያልተስማማሁበት ነገር ቤታችን ውስጥ ተወስኗል። እግዚአብሔርንም ተቆጥቼዋለሁ። ሳንባዬ እየዳነ፣ ኪሎዬ እየተመለሰ፣ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ምስጋና ሲያቀርብ እኔ አንጀቴ እርር ብሎ እቀመጥ ነበር።

ሕክምናው በሃያኛው ወር አለቀና ነጻ ነህ ተባልኩ። ወደ ሱቁ ተመለስኩ፤ የመስሚያ መሣሪያም ተገኘልኝ፣ ለሰው ንግግር ይረዳል፣ ለቫዮሊን ግን ብዙም አይሆንም። አንድ ቀን ጥለት እየገጠምኩ ሳለሁ፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ቼሎ ለሚባለው፣ ወፍራም ድምፅ ላለው የቫዮሊን ዘመድ ብቻ የተጻፈ ሥራ ከፈትኩና ከታች ያለው ሁሉ፣ ወፍራሙ ክር ሲነካ የሚንቀጠቀጠው እንጨት ጭምር፣ ሳይጎድል ደረቴ ድረስ ሲገባ መርፌና ክሩን አስቀምጬ፣ ደንበኛዋ ቀሚሷን ትጠብቅ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በዚያው እሁድ ለጋሽ ታደለ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ጠየቁኝ። ቡድኑ ውስጥ መልሱኝ፣ ግን ከእንግዲህ ማንም ሰው አዝኖልኝ አይስማማ አልኩ።

ይህን የምታነቡ፣ እንዲህ ዓይነት ሕክምና ላይ ያላችሁ ወገኖቼ፦ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ጆሮ የሚነካ መርፌ ከታዘዘላችሁ ምርመራውን በየወሩ ለምናችሁም፣ ተጨቃጭቃችሁም አሠሩ፤ ደህና ነኝ የሚለውን ቃል ለጎረቤት አስቀሩት፣ ለሐኪም አትበሉ። አስታማሚዎች ደግሞ፣ በሽተኛው «ይህ ነገር ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ለእናንተም?» ካላችሁ እየመረመረ ያለው ራሱን ነው። የምትሰሙትን ንገሩት። ለእህቴ ለማርታ፣ ምግቤን በየቀኑ በር ላይ ላደረሰችልኝ፣ ለሐኪሟም፣ በእኔ ጥፋት ሳትቆጣ ላከመችኝ፣ የምከፍለው የለኝም።

ባለፈው እሁድ ስለምሰማው፣ አራት ሰዎች በባለ ክር መሣሪያ ስለሚጫወቱት አንድ ቀረጻ ጻፍኩ። ከታች ያሉትን አወደስኩ፤ ከላይ ያለችው ቫዮሊንም ጥሩ ሳትሆን አትቀርም ብዬ በግምት ጨመርኩበት። ጋሽ ታደለ ወዲያው መለሱ፦ «አይደለም ሳሚ፤ ቫዮሊኗ በሦስተኛው ክፍል ሁለት ቦታ ላይ ከድምፅ ወጥታለች። አልሰማሃትም።»

አመመኝ። ከዚያ አመሰግናለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው።