ጉልበቱን ማን ቀባው?

ኪኑዮ ኦኪሞቶ ኩሬ በምትባል የወደብ ከተማ በሚገኝ መርከብ መሥሪያ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ክሬን ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። ሙያውን ያስተማረችኝ እሷ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሩዟን ቶሎ ቶሎ ትጎርስና ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። የምትጽፈው ስለ ቴትሱራይ ነው።

ቴትሱራይ በቴሌቪዥን የሚታይ ካርቱን ነው። አርባ ሜትር የሚረዝም ሮቦት፣ ደረቱ ውስጥ አብራሪ ተቀምጦበት ይዋጋል። አንዱ ታሪክ ሲያልቅ ሌላው እየተተካ፣ በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ስምንት ደርሷል። ሰው ሁሉ የሚወደው አብራሪዎቹን ነው። እትዬ ኪኑዮ ግን በአሥር ዓመቷ ያየችው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከልቧ አልወጣ አለ። ስም እንኳ አልሰጡትም። ውጊያው ሲያበቃ የግራሶ ጣሳውን ይዞ ሮቦቱ ጉልበት ውስጥ ይገባል፤ “አይዞህ፣ ደክሞሃል” ይለዋል፤ በቃ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

“ከሁለተኛው ታሪክ ወዲህማ እያነሱ ሄዱ” ትላለች። “በሁለተኛው ላይ መካኒኮቹ ሦስት ነበሩ። በአራተኛው አንድ፣ እሱም ሰካራም። በሰባተኛው ጭራሽ ሮቦቱ ራሱን በራሱ ጠገነ።”

አንድ ታሪክ ባለቀ ቁጥር ትችቷን በትንሽ መጽሐፍ አድርጋ ሠላሳ ቅጂ ታሳትማለች። ሂሮሺማ ላይ አድናቂዎች የጻፉትን የሚሸጡበት ባዛር አለ፤ እዚያ ጠረጴዛ ትይዛለች። በአንዱ ዓመት ባዛር እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። አንድ ወጣት መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣

“ስለ አብራሪዎቹ ምንም የለውም?” አላት።

“ስለነሱ የሚጽፍ ሞልቷል።”

“ካርቱን እኮ ነው፣ እትዬ።”

“እና ካርቱን ስለሆነ የጉልበቱ ኩሽኔታ ተበልቶ አያልቅም?”

ልጁ መጽሐፉን መልሶ አስቀመጠው። እንደሱ ያደረጉትን መቁጠር ትቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ የአርባ አምስተኛው ዓመት በዓል ሆነና የካርቱኑ ዋና ደራሲ ሂሮሺማ መጣ። ተመልካች ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ያስገባል፣ ዕጣ የወጣለት ይጠይቃል። የእትዬ ኪኑዮ ወጣ። ቆመች። የድምፅ ማጉያውን እንደ መፍቻ ጨብጣ፣

“በስድስተኛው ታሪክ ሮቦቱ ባሕር ውስጥ ሦስት ቀን ሰምጦ ቆየ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በረረ። ጨውን ማን አጠበለት?” አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መድረክ መሪው እንባውን እየጠረገ “የዛሬው ምርጥ ቀልድ” አለ።

“አልቀለድኩም” አለች።

ደራሲው በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ “እናቴ፣ በአንድ ክፍል ያለን ሃያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው” አላት።

“እኔ አንድ ደቂቃ ይበቃኛል።”

ይህን ስትል ማጉያውን ከእጇ ወስደውት ስለነበር የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። በሳምንቱ አሥራ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፋ ለካርቱኑ ሠሪዎች ላከች። የመጣላት መልስ “ስለ ፍቅርዎ እናመሰግናለን” የሚል የታተመ ካርድ ነው፤ የአብራሪ ሥዕል አለበት። ካርዱን ቀድዳ መጣያ ውስጥ ከተተችው።

በሐምሌ ዘጠነኛው ታሪክ ሊጀመር መሆኑ ተነገረ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ መካኒክ የሆነች ልጅ ናት ተባለ። ሠራተኛው ሁሉ “እንኳን ደስ ያለሽ” አላት፤ አለቃችን ኖሶ እንኳ፣ ለማንም ደስ ሲለው የማይታየው ሰውዬ፣ የባቄላ ኬክ ይዞላት መጣ። የመጀመሪያውን ክፍል እሑድ ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት አየነው።

ልጅቷ ጉንጯ ላይ ግራሶ ተቀብቷል። መፍቻ ይዛ የሮቦቱ ጉልበት ላይ ተሰቅላለች። እትዬ ኪኑዮ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። እንዲህ ፊቷ ሲፈታ አይቼ አላውቅም። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አብራሪው ሞተ። ልጅቷ ለካ የአብራሪ ዘር ኖራለች፤ መፍቻውን ወርውራ የአብራሪው ወንበር ላይ ወጣች። የቀረው ውጊያ ነው።

ማስታወቂያው ሲገባ እትዬ ኪኑዮ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። ከዚያ፣

“ወረወረችው” አለች። “አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ሆና። ከሥሯ ሰው ቢኖርስ?”

“ምናልባት በሚቀጥለው ክፍል ወደ ሥራዋ ትመለስ ይሆናል።”

“አትመለስም። አንዴ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ማን ግራሶ ይነካል?”

ልክ ነበረች፤ አልተመለሰችም። እትዬ ኪኑዮ ግን ሃያ ስድስቱንም ክፍል አየች። ሰኞ ሰኞ ተቆጥታ ነው ሥራ የምትገባው፤ ሰኞ ዕለት መሣሪያ ያበላሸ ወየውለት። “ተይው ካስጠላሽ” ስላት፣ “እኔ ከተውኩት ማን ያይላቸዋል?” አለችኝ። ከእንግዲህ አልጽፍም ብላም ነበር። ከሁሉም የረዘመውን፣ አርባ ስምንት ገጽ ጻፈች። ዘጠኝ ቅጂ ተሸጠ።

በመጋቢት ቶቶሪ ከተማ ከሚኖር አንድ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ ደብዳቤ መጣላት። ሰውዬው መጽሐፉን ሁለቴ አንብቦታል፤ ነገር ግን የሮቦቱ ጉልበት በዘይት ግፊት ሳይሆን በሞተር ነው የሚሠራው፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ተሳስተዋል ይላል። ምሳዋን ሳትበላ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“ይሄ ሰው ስለ ዘይት ግፊት የሚያውቀው ነገር የለም” አለችና ወረቀት ጠየቀችኝ።

ስድስት ገጽ ሞላች፤ ሥዕልም ጨምራ ላከችለት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ሰውዬው አልመለሰም። እሷም መልሱን ያዘገየው ፖስታ ቤቱ ነው እያለች በየቀኑ ትረግመዋለች።