ቶቤን ያወለቅሁ ዕለት

ትኩስ ኦቾሎኒ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲሸተኝ እጄ ሳላዘው የልጄን እጅ ይፈልጋል። ልጄ አሁን በቁመት በልጣኛለች፤ መንገድ ላይ ስይዛት ታፍራለች። “እማዬ፣ ኧረ ሰው ያየናል!” ትለኛለች። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ካርቱም ውስጥ ወዳለው ሰፈራችን፣ ወደ ጀብራ፣ ከተመለስን ወዲህ፣ ከመንገዱ ጥግ፣ ግማሹ ከፈረሰ አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ ኦቾሎኒ መቁላት ጀምረዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሽታው በመስኮት ሲገባ ያ የኦምዱርማን ቀን እንዳለ መጣብኝ።

ያኔ ከጓደኛዬ ጋር እዚሁ ጀብራ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት እንሠራለን። እሷ የወሎ ሙስሊም ናት፣ እኔ የጎንደር ክርስቲያን። የልጄ አባት ፖርት ሱዳን ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ልጄ ገና አፏን እየፈታች ነበር። ጓደኛዬ ማታ ከሥራ ስትገባ ልጄ አንድ አዲስ ቃል ካወጣች ወይም ሳታፈስ ውኃ ከጠጣች፣ ሠርግ ቤት የገባች ይመስል እልልታዋን ታቀልጠዋለች። ልጄም በእልልታው ትዘላለች። እኔ ደግሞ “ቀስ በሉ፣ ጎረቤት ይሰማል” እላለሁ። በር ቆልፌ፣ ከሄድኩበት ተመልሼ መቆለፉን የማይ ሰው ነኝ። ዛሬም እንዲያው ነኝ።

የሀገራችን ብሔራዊ ቡድን ከሱዳን ጋር ሊጫወት ይመጣል የተባለ ቀን፣ ጓደኛዬ የምታጥበውን ቀሚስ ከነአረፋው ይዛ ብድግ አለች።

“እንሄዳለን!”

“የት?”

“ስታዲየም ነዋ! ሐበሻ ሁሉ እዚያ ነው።”

“ሐበሻ ሁሉ እዚያ ከሆነ ፖሊሱም ሁሉ እዚያ ነው” አልኳት።

የፈራሁት በከንቱ አልነበረም። የሁለታችንም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ጊዜው አልፎበት ነበር። ፖሊሶች ድንገት መንገድ ዘግተው ወረቀት የሌለውን ሲሰበስቡ ከሻ ነው ይባላል፤ የተያዘው ኋላው ክፍት በሆነ ፒክአፕ፣ እዚህ ቦክሲ በሚሉት መኪና፣ ተጭኖ ይሄዳል። ቦክሲ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ልጄን ይዤ ብያዝ የት ያስገቡናል? ሳልይዛት ብያዝስ ማን ያበላታል? ይህን ሳሰላስል የማነጋባቸው ሌሊቶች ብዙ ነበሩ።

“አንቺ እኮ” አለችኝ ጓደኛዬ፣ “ስትሞቺ እንኳ ሬሳሽ ግራና ቀኝ አይቶ ነው መንገድ የሚሻገረው!”

ሳምንቱን ሙሉ ስትለምነኝ ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አመጣሁ። ከሐበሾቹ ጋር ሳይሆን ከሱዳን ቤተሰቦች መሀል እንቀመጣለን፤ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ እንለብሳለን፤ አፋችንን እንዘጋለን። ቶብ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመው ረጅሙ ጨርቅ ነው። በየዓመቱ አዲስ ዓይነት ይወጣና ሴቱ ሁሉ እሱን ይገዛል። ከኦምዱርማን ገበያ የመረጥኩት የዚያን ዓመቱን፣ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን ነበር። ሻጩ “ወላሂ፣ ይሄን ያልለበሰች ሴት የለችም” ሲለኝ፣ “እሱኑ ነው የምፈልገው” አልኩት። ጓደኛዬም ያንኑ ገዛች። የጨዋታው ዕለት ግን ከሥሩ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ማሊያዋን ለብሳ እንደመጣች ያየሁት ወደ ኦምዱርማን የሚወስደን አውቶቡስ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ነው።

“አብደሻል?”

“ከላይ ሱዳን፣ ከታች ወሎ” አለችና ሳቀች።

ልጄን ገበያ ስወስዳት ሁልጊዜ የማስጠነቅቃት አንድ ነገር ነበር፤ “ጨርቄን ያዢ፣ እንዳትለቂ!” በሁለት እጄ ዕቃ ስለምይዝ እሷ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጣ ትከተለኛለች። የዚያን ቀንም ስታዲየሙ በር ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁላት፤ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ኦቾሎኒዋን፣ በሌላው የቶቤን ጫፍ ይዛ ገባች።

ውስጡን እንዴት ልንገራችሁ? የከሰዓት ፀሐይ ሲሚንቶውን አግሎታል። ከሴቶቹ ቶብ የሰንደል ሽቶ ይነሳል፤ ከሜዳው ውኃ የጠጣ ሣር ሽታ ይመጣል። ከበሮው፣ ጥሩምባው፣ የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ የሚሸጡት ልጆች ጩኸት አንድ ላይ ሆኖ ደረት ይመታል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ባንዲራ የለበሱት የእኛ ሰዎች ትንሽ የአበባ መደብ መስለው ይታዩኛል። ዓይኔ ወደ እነሱ ይሄድና ወዲያው ከጎናቸው ወደ ቆሙት ፖሊሶች ይመለሳል።

የእኛ ልጆች ጎል ሲያገቡ ጓደኛዬ ቶቧን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። በጭኗ ላይ ተደፍታ ትንቀጠቀጣለች። አጠገባችን የነበረች ሱዳናዊት የምታለቅስ መስሏት ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ “ማዓሌሽ፣ አይዞሽ እኅቴ፣ እናገባለን።” ጓደኛዬ ቀና ሳትል በአማርኛ “ሆዴ ሊፈነዳ ነው” አለችኝ። ቆነጠጥኳት። ትንሽ ቆይተው እውነትም ሱዳኖቹ አገቡ፤ ያቺው ሴት ጓደኛዬን አቅፋ አስነስታ አስጨፈረቻት። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ይደረግ?

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል “ሕዝቡ ሳይወጣ እንውጣ” አልኩ። ጓደኛዬ ተነጫነጨች፤ ግን ተነሣች። የእኔ ጥንቃቄ እንግዲህ ይሄ ነው፤ እንደ እኔ የተጠነቀቀ ብዙ ሰው ኖሯል። በሩ ላይ ስንደርስ ሌላውም ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ እየወጣ ነበር። ከኋላችን ታላቅ ጩኸት ተነሣ፤ ግማሹ ሰው ምን እንደተፈጠረ ለማየት ወደ ውስጥ ተመለሰ፣ ግማሹ ወደ ውጭ ገፋ። ተገፍቼ ከበሩ ውጭ ወጣሁ። ዞር ብዬ ወደ ጉልበቴ አየሁ።

የቶቤን ጫፍ የያዘ ሰው አልነበረም።

እንዴት እንደ ጮኽኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ዙሪያዬን ሳይ ያየሁትን ነው። ቢጫ ቶብ፣ አረንጓዴ ቅጠል። በግራ አለ፣ በቀኝ አለ፣ አውቶቡስ ተራው ጋ አለ። የዚያ ሜዳ ሴት ሁሉ እኔን መስላ ነበር የምትሄደው። ያኔ ገባኝ። ልጄን ጨርቅ ያዢ ብያታለሁ፤ እሷም ይዛለች። የማንን እንደያዘች ግን እግዜር ይወቀው።

እየሮጥኩ በየሴቱ ጉልበት ሥር ማየት ጀመርኩ። ስሟን እጠራለሁ፤ ጥሩምባው ይውጠዋል። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ።

“አውልቂው!”

“ምኑን?”

“ቶቡን ነዋ! ልጅቷ ብታይሽም አታውቅሽም። አውልቂውና አንቺን ትይ!”

ከፊት ለፊታችን፣ በሩ አጠገብ፣ ቦክሲ ቆሟል። ፖሊሶች ተደግፈውታል። እሷም አይታዋለች። ቶቡን ካወለቅሁ ሹሩባዬና የቤት ቀሚሴ ሐበሻነቴን ከሩቅ ይናገራሉ። እሷም ከነማሊያዋ ልትቆም ነው። ቢሆንም ገፍፌ ጣልኩት። እሷም ጣለችው።

ወዲያው ጢሙ የሸበተ ፖሊስ መጣ።

“ሐበሻ ናችሁ? ኢቃማ?”

“የለኝም” አልኩት። በዚያች አገር ለፖሊስ እንዲህ ብሎ መመለስን እንደ ሞት የምፈራ ሴት፣ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። “ልጄ ጠፍታብኛለች። እሷን ላግኛትና ከዚያ ውሰዱኝ።”

“ስንት ዓመቷ ነው?” ሲል እጄን ጉልበቴ አጠገብ አድርጌ ቁመቷን አሳየሁት። እጄን አየ፣ ሕዝቡን አየ። “እዚህ ታች ቆመሽ እንዴት ታይሻለች?” አለና ክንዴን ያዘኝ። ወደ ቦክሲው ወሰደኝ። አለቀልኝ አልኩ። የኋላውን መዝጊያ ጣለ፣ “ያላ፣ ውጪ!” አለኝ፤ ወጣሁ። “ቁሚ እንጂ አትቀመጪ! ጥሪያት!”

ስንት ጊዜ በሕልሜ እያለቀስኩ የተጫንኩበት መኪና ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሕዝቡ ሁሉ ከሥሬ ሆነ። ልጄን በቤት ስሟ ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት። ድምፄ ተዘጋ። ይሄኔ ጓደኛዬ ማንም ሳያዛት ከጎኔ ዘላ ወጣች፤ ጨዋታውን ሙሉ አምቃ የዋለችውን እልልታ ለቀቀችው። ማታ ማታ ለልጄ የምታሰማውን፣ ያንኑ ረጅሙን። ከወዲያ በር ይወጡ የነበሩት ሐበሾች ድል የተበሰረ መስሏቸው ተቀበሏት። አንዱ “ስንት ለስንት ሆነ?” ብሎ ሲጮህ ሰማሁ።

ከአውቶቡስ ተራው በኩል አንዲት ቀይ ቀሚስ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አለች።

የእኔን የመሰለ ቶብ የለበሱ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ልጄን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሰውን እየገፉ ይመጣሉ። ልጄ ጣቷን ወደ እኛ ቀስራለች። አታለቅስም። ኦቾሎኒዋን እያኘከች ነበር።

ሴትዮዋ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ “ያ ቢቲ፣ ልጄ” አሉኝ፤ “ጨርቄን ይዛ እስከ አውቶቡሱ በር መጣች። እኔ የልጅ ልጆቼ ሁሌ እንደዚያ ስለሚይዙኝ ዞር ብዬም አላየሁ። ላሳፍራት ብድግ ሳደርጋት አንገቷ ላይ ክር አየሁ፤ ይቺማ የሐበሻ ልጅ ናት አልኩ። ስታለቅስ እየፈለግሁሽ ነበር። ይሄንን ድምፅ ስትሰማ ነው ዝም ብላ እጇን የቀሰረችው።”

አጎንብሼ ተቀበልኳት። ላቧን፣ የኦቾሎኒ ጨው ያለበት አፏን ሳምኩ። የሴትዮዋን እጅ ልስም ስል ነጥቀው ራሴን ዳሰሱኝ፤ አውቶቡሳቸው እንዳያመልጣቸው እየሮጡ ሄዱ።

ፖሊሱ እጁን ለጓደኛዬ ዘርግቶ አወረዳት። ማሊያዋን ከላይ እስከ ታች አየ። ስለ ኢቃማ ሊያነሣ ነው ብዬ ልጄን ጠበቅ አደረግሁ። “አቻ ወጥተናል” አለን። “ያላ፣ ወደ ቤታችሁ።”

ትንሽ እንደ ራቅን ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር መጥታ “በቦክሲ ተጭኖ ሳይሄድ የወረደ ሐበሻ ከእኛ በፊት የለም፣ ወላሂ” አለች። ሳቁ ያዘኝ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ልጄም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ሳቀች።

ወደ ካርቱም ስንመለስ ልጄን ጓደኛዬ ታቀፈቻት። ድልድዩ ላይ ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ወንዙ የተፈጨ በርበሬ መስሎ ነበር። ልጄ ተኝታለች። ዞር ብዬ ጓደኛዬን ሳያት ጉንጯ እርጥብ ነው።

“ምነው? አገኘናት እኮ” አልኳት።

“አገኘናት፣ አልሐምዱሊላህ” አለች። የልጄን ፀጉር እየነካካች ቆየችና፣ “የእኔዋስ?” አለችኝ። ወሎ፣ እናቷ ዘንድ ትታት የመጣቻት ልጅ ነበረቻት። “ጡት ሳትጥል ነው የተውኳት። እኔ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቼ ብጣራ፣ በምኔ ታውቀኛለች?”

እስከ ጀብራ ድረስ እጇን ይዤ ሄድኩ።

ከዚያ ብዙም አልቆየች። ለአሠሪዋ “እናቴን አይቼ እመጣለሁ” ብላ በገዳሪፍ በኩል ወደ ሀገሯ ገባች። ለረጅም ጊዜ ድምፅዋ ጠፋብኝና፣ የእኔ ነገር፣ መቼም መንገድ ላይ ያልገመትኩት ክፉ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ሰሐን ሳጥብ ስልኬ ጮኸ።

“ደኅና ነኝ!” ብላ ጀመረች፤ አመሌን ታውቀዋለቻ። “ስገባ ከአያቷ ጀርባ ተደበቀች። ቀረብ ስል ትሮጣለች፣ ‘ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?’ ትላለች። አሁን ግን አታስተኛኝም፤ እግሯን ሆዴ ላይ ጭና ነው የምታድረው።” ከኋላዋ አንዲት ልጅ ስትስቅ ይሰማኛል። ጓደኛዬ ቀጥላ፣ “አልመጣም፣ እኅቴ” አለችኝ። “ልብሴን ለሚቸግረው ስጪልኝ።”

እሰይ አልኳት። ከልቤ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ግን ሰሐኑ ውስጥ ያለውን ውኃ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ለሦስት የምትጠበን ክፍል ለሁለት ሰፋችን።

ልጄ ብዙ ማታ እልልታውን ጠብቃ በሩን እያየች ታመሽ ነበር። አንድ ቀን “ኻልቶ መቼ ትመጣለች?” አለችኝ፤ አክስትን እዚህ እንደዚያ ነው የሚሏት።

“ልጇ ጋ ናት” አልኳት።

“ልጇ አገኘቻት?”

“አዎ፣ አገኘቻት።”

ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኛች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።