አባባ አልገባም ያሉበት በር

እስከ ዛሬ ነጭ ሽርጥ ሳይ ያ በር ትዝ ይለኛል። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ዴንቨር ውስጥ ያለ፣ ሙዚየም የሆነ አንድ ጥንታዊ ቤት ለሰመሩ የትምህርት ዕረፍት የልጆች አስጎብኚ ሊያደርገኝ ለሙከራ ተቀበለኝ። የእንግሊዝ ገጠር ቤቶችን አስመስሎ አንድ ሀብታም ያሠራው ነው፤ ደጁ ጽጌረዳ፣ ውስጡ የወለል ሰም ይሸታል። እኛ ልጆቹ የድሮ ቀሚስና ሽርጥ ለብሰን በር ላይ እንግዳ እንቀበላለን። ኃላፊዋ ፊቷ አይፈታም። ቡድኗን በሰዓቱ ያላስገባች ልጅ ሁለተኛ አትመጣም ብላናለች። እኔ ደግሞ ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግኩት! መስታወት ፊት ቆሜ በእንግሊዝኛ ስለማመድ ነው የከረምኩት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አባቴ አያቴን ይዞ ከቤታችን ከኦሮራ መጣ። አባባ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወራቸው ነው። በዚያ ሙቀት ሱፍ ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን አድርገው ከሰልፉ ፊት ቆሙ። እኔ የተለማመድኩትን አነበነብኩ። አባባ ግን የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

«ቤቶች!»

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ከኋላቸው ያለው ፈረንጅ ሁሉ መተያየት ጀመረ።

«ሙዚየም እኮ ነው አባባ፣ ይግቡ» አለ አባቴ በጆሯቸው። «ባለቤቱ ድሮ ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ቤቱ ሰው የለውም? ግቡ ሳልባል የሰው ቤት ልግባ? አላደርገውም!»

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየት አድርጋ ወደ እኛ መምጣት ጀመረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ዳድ፣ ፕሊስ!» አልኩ። አባቴ ክንዳቸውን ሲይዝ አባባ ቀስ ብለው አስለቀቁትና ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ።

ያኔ ገባኝ። የሚጠብቁት እኔን ነበር። በሩ ላይ የቆምኩት፣ ሽርጥ የታጠቅኩት እኔ ነኛ! ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ የምመልሰው ልጅ አማርኛውን መፈለግ ጀመርኩ። ኃላፊዋ አጠገቤ ደርሳለች። እናቴ እንግዳ ስትቀበል እንደምታደርገው ጎንበስ አልኩ።

«ይግቡ አባባ… ቤት ለእንግዳ» አልኩ እየተንተባተብኩ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እግዜር ይስጥልኝ የኔ እመቤት» ብለውኝ ገቡ። ሰልፉም ተከተላቸው። ኃላፊዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በዚያ ሰመር አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም።

አሁን እዚያው ዴንቨር አጠገብ፣ ሴንቴኒያል ከተማ የራሴ ቤት አለኝ። ቤቱን ስናስመርቅ ወዳጅ ዘመዱ መኪናውን ፓርክ እያደረገ፣ ስልኩን እያየ፣ በጋራዡ በኩል ሰተት ብሎ ገባ። እኔም ቅር አላለኝም፤ ዘመኑ ነው። ግን ምግብ እያቀረብኩ ዓይኔ ዋናው በር ላይ ነበር። አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቢኖሩ ደጅ ቆመው፣ ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ያን ሁሉ ሰው ያስጠብቁብኝ ነበር።

ምነው ባስጠበቁኝ!