ሁለት እርምጃ ወደኋላ

መስታወት ቆራጩ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብሎ ፊቱን ያያል። ፊቱ ከተጣመመ መስታወቱ ጠማማ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈተነው እንዲህ ነው። "የኔ መስታወት አይዋሽም!" ማለት ይወዳል።

ዛሬ ግን ፊዚክስ አስተማሪ የሆነችው ልጁ የሱቁ በር ላይ ቆማ ሳቀችበት።

"ትንሽ ይዋሻል፣ አባዬ። ብርሃን ከፊትህ ተነስቶ፣ መስታወቱ ጋ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስድበታል። የምታየው የቅድሙን ፊትህን ነው።"

በመስታወቱ ሲቀለድ አይወድምና ኮስተር አለ። "እዚያ ሲደርስ አረፍ ይላል እንዴ?"

"የለም፣ እንደነካው ነው የሚመለሰው፤ እሱስ ከቁጥር አይገባም። የሚዘገየው መንገድ ላይ ነው። ያም ቢሆን አንዴ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል።"

ሳያስበው እጁን ላፍ አድርጎ አነሳ፤ ምስሉም እኩል አነሳ። አልቀደመውም።

"ወይ ጉድ!" አለ። ስንት ዘመን ከመስታወት ጋር ሲውል አንድም ቀን የአሁኑን ራሱን አላየም ማለት ነው።

ሚስቱ ወዲያ ጥግ ላይ ፍሬም ትወለውላለች። ወደ እሷ ዞረ። "እሷንስ? እሷን እንኳ ያለ መስታወት ነው የማያት።"

"እማዬም ያው ናት። ከእሷም ብርሃኑ ተጉዞ ነው የሚደርስህ።"

ከዚያ በርጩማውን አንስቶ ጉልበቱ የሚስቱን ጉልበት እስኪነካ ድረስ ተጠግቷት ተቀመጠ።

"ምን ሆነሃል ዛሬ?" አለችው።

"እንዳልዘገይብሽ ነው።"