ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ

ልጆቼ ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ፣ ከቢሮ ሥራና ከቤት ጣጣ የሚተርፈኝ ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤት ተራ የምጠብቅበት ብቻ ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ ከምናስፈጭበት ወፍጮ ቤት አጠገብ አንድ ጌም ቤት ነበረ። እህሌን ሰልፍ ላይ አስቀምጬ እገባና፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን የመኪና እሽቅድድም እጫወታለሁ።

አንድ ቅዳሜ የባለቤቴ አባት ሊጠይቁን ከጉና በበቅሏቸው ወርደው መጡ። ዱቄቱን ሊጭኑልኝ ብለው ወፍጮ ቤት ቢሄዱ አጡኝ። ሲፈልጉኝ ጌም ቤቱ በር ላይ ብቅ አሉ። እኔ ደንግጬ ብድግ አልኩ።

«አባባ፣ መቼ መጡ?»

«ተቀመጭ እንጂ፣ ሊቀድምሽ ነው!» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ከጎኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መታጠፊያ ላይ ስደርስ «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ፤ መንገዱ ቀጥ ሲል «ንጂው!» ይሉኛል። ሳሸንፍ አጨበጨቡ፤ እኔም እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ «ምነው ቆያችሁ?» አለን። ወፍጮ ቤት ሰው በዝቶ ነበር ልል ስል አባባ ቀደሙኝ።

«ሚስትህ ሁሉንም ቀድማ ገባች! ቤት ተቀምጠህ አመለጠህ» አሉት። ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ለገበያ በወረዱ ቁጥር «ተራውን እኔ እይዝልሻለሁ፤ አንቺ ሂጅና ንጂ» ይሉኛል። ግን ብዙም ሳይቆዩ ተራውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መጥተው ከጎኔ ይቀመጣሉ።