እንዝርት ያስቆመው ልቦለድ

ባለፈው ሳምንት የልጄ የአማርኛ መምህር ሞላሌ ገበያ መሀል ያዘኝና "ጋሼ፣ ለአስራ አንደኛ ክፍል የሚሆን አንድ ዘመናዊ ልቦለድ ይምረጡልኝ" አለኝ። ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከስምንተኛ ክፍል ባላልፍም፣ ያላነበብኩት ልቦለድ ቢኖር ገና ያልተጻፈው ነው። ግን ወዲያው አልመለስኩለትም። መጽሐፍ መምረጥ ያስተማሩኝ እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ።

በወጣትነቴ በገበያ ቀን ጆንያ ላይ ዘርግቼ ልቦለድ አከራይ ነበር። መምህር ታደሰ የሚባል ዓይናፋር የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ደንበኛዬ ነበር። አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ልቦለድ ሲያስተምር ተማሪዎቹ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። ርዕሰ መምህሩም "የሚቀጥለው መጽሐፍ ካስተኛቸው ክፍለ ጊዜውን ለሂሳብ እሰጠዋለሁ" ብሎታል።

"እኔ እያለሁ?" አልኩና በተኩስ ተጀምሮ በተኩስ የሚያልቅ ልቦለድ መዘዝኩለት። እሱ ደግሞ ምሁራን ያደነቁት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዟል። ተከራክረን አልተስማማንም።

የታኅሣሥ ውርጭ ነበር። እናቴ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር ለማስፈተል እትዬ ዘነበችንና ሌሎች ጎረቤቶችን ጠርታለች። "ና፣ እነሱ ይፍረዱን" ብዬ ይዤው ሄድኩ።

የኔን አነበብኩ። ሦስት ሰው ሞተ፤ እንዝርቱ ይሾራል።

"ኧረ ይሄ ሰውዬ ጥይቱ አያልቅበትም?" አሉ እትዬ ዘነበች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እሱ የሱን ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እትዬ ዘነበች የገብስ ቆሎ ዘገኑና "መምህር፣ ይቅመሱ፤ ደከሙ" አሉት።

ጆንያዬ ውስጥ ከተረፉት መጻሕፍት አንዱን ሳብኩ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ማንም የማይከራየው። ባሏና አባቷ በድንበር የተካሰሱባት ሴት ታሪክ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ለምስክርነት ስትቆም እንዝርቱ ሁሉ ቀጥ አለ።

"ለባሏ ትመስክር! እዚያ አይደል የምትኖረው?" አለች እናቴ።

"አባቷስ? ከድንጋይ ነው የተፈለፈለችው?" አሉ እትዬ ዘነበች።

እኔ መጽሐፉን ከደንኩት።

"ክፈት አንተ ሰይጣን! ምን አለች?" ብለው እትዬ ዘነበች በተነደፈው ፀጉር ወረወሩኝ።

መምህር ታደሰ መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ ሄደ። ክፍል ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ሲያቆም ተማሪዎቹ ተጯጯሁና ርዕሰ መምህሩ ጠብ መስሎት ሮጦ መጣ። ነገሩን ከሰማ በኋላ "ለመሆኑ ለማን መሰከረች?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ሂሳብም በራሱ ሰዓት ብቻ ተወሰነ።

ዛሬ እኛ ቤት የሚፈትል የለም፤ ብርድ ልብሱ ከሱቅ ነው የሚመጣው። የልጆቹ እጅ የያዘው ስልክ ነው። እኔም የመጽሐፍ መፈተኛዬን ከእንዝርት ወደ ስልክ ቀየርኩ። ቅዳሜ ልጄንና ጓደኞቿን ሰብስቤ የመረጥኩትን ማንበብ ጀመርኩ። ስልክ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። ለካ የኔ ነው።

ማታ የልጄ መምህር እንደገና ደወለ። "ጋሼ፣ ምነው አያነሱም? መጽሐፉ ጠፋ እንዴ?"

"ተገኝቶ ነዋ ያላነሳሁት" አልኩት።